አዲሱ አለቃና የማንጠግቦሽ ጣቶች

ተረት አለኝ። ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ሥራ ያለው እየሠራ ይስማ።

ድሮ ነው። በጣም ድሮ እንኳ አይደለም፤ ኮምፒውተር እንደ በሬ ሻኛ በነበረው ጊዜ፣ ዕቃው ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን። ከአንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በር ፊት ለፊት አራት የቆርቆሮ ሱቆች ተደርድረው ነበር። አራቱም ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። ባለጉዳይ ይመጣል፣ በደሉን ያወራል፣ ጸሐፊዋ አቤቱታ አድርጋ ትጽፍለታለች። ከአራቱ በአንደኛው ውስጥ ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ትሠራ ነበር።

ማንጠግቦሽ ስትጽፍ ያየ ሰው ዓይኑን መንቀል አይችልም ነበር። ዓይኗ ባለጉዳዩ ፊት ላይ ነው፤ ጆሮዋ አፉ ላይ ነው፤ ጣቶቿ ግን ለብቻቸው ይሄዳሉ። ሰውየው «ከዚያማ ምን ላድርግ እትዬ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ» ሲል፣ ጣቶቿ «በአመልካች ላይ ከፍተኛ የኅሊና ጉዳት ደርሷል» ብለው ቀድመው ጨርሰዋል። እኔ ስንት ጎበዝ አይቻለሁ፤ እንደ እነዚያ ጣቶች ግን አላየሁም።

የምትጽፍበት ኮምፒውተር አያ ሻኛ ይባላል፤ ከኋላው ትልቅ ጉብታ ስላለው ነው። ኪቦርዱ ደግሞ እሜቴ ጣቲት ትባላለች። ጣቲት ላይ የነበረው ፊደል ሁሉ ተፍቆ አልቋል። «ሀ» የት እንዳለች እንግዳ ሰው ይቅርና ራሷ ጣቲትም ዘንግታዋለች። የማንጠግቦሽ ጣቶች ግን ያውቋታል።

ታዲያ ኮምፒውተር ለብቻው ግዑዝ ነው። በሆዱ ውስጥ አለቃ ይቀመጣል። ጠዋት የሚቀሰቅሰው፣ ማታ የሚያስተኛው፣ የተጻፈውን ከየመደርደሪያው አውጥቶ የሚያቀርበው ያ አለቃ ነው። የተማሩት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሉታል። እኛ አለቃ እንበለው፤ ይቀለናል።

የአያ ሻኛ አለቃ ዝግ ያለ ሽማግሌ ነበር። ጠዋት ሲነሳ ያዛጋል፣ ይንጠራራል፣ ማንጠግቦሽ ሱቋን ጠርጋ እስክትጨርስ ገና ዓይኑን ያሻል። መብራት ድንገት ሲሄድ «ኧረ በስመ አብ!» ይላል፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ጠርጎ ካቆመበት ይቀጥላል። ማንጠግቦሽ ለጎረቤት ታማዋለች፤ ሌላ ሰው ሲያማው ግን ትቆጣለች። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ በስክሪኑ ጥግ መልከ መልካም አዲስ አለቃ ብቅ አለ።

«አዲሱ አለቃ ነኝ» አለ። «ከአሮጌው እፈጥናለሁ፣ ከአሮጌው አምራለሁ። መስኮቶቼ እንደ መስተዋት ናቸው። ልግባ?»

ማንጠግቦሽ አየችው። እውነትም ያምራል።

«ታምራለህ» አለችው። «እሺ፣ በኋላ።»

መቼም እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አገር «እሺ፣ በኋላ» ያለ ሰው እምቢ ብሏል። ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ነው እንጂ፣ የዚህ አገር ሰው ቢሰማው ባርኔጣውን አንስቶ ይሄድ ነበር። አዲሱ አለቃ ግን ያደገው ሌላ ቦታ ነው። «በኋላ ብላለች፤ በኋላ እመጣለሁ» ብሎ በደስታ ሄደ።

እሜቴ ጣቲት ገረማት። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ሸጋ ለምን መለስሽው? አዲስ ነገር ትፈሪያለሽ እንዴ?»

«እኔ?» ማንጠግቦሽ ሳቀች። «ከእነዚህ አራት ቤቶች ታይፕን ጥሎ ኮምፒውተር ያመጣ መጀመሪያ ማን ሆነና? ሰው ሁሉ አበደች ብሎኝ ነበር። ግን ስሚ ጣቲት፤ ያን ጊዜ እነዚህን ጣቶች እንደገና ለማስተማር ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። አንዱን ፊደል ፈልጌ ሳገኝ ሌላው ይጠፋኝ ነበር። ባለጉዳይ ሳቀብኝ፣ አለቀስኩ፣ ለመድኩ። ለሚገባ ሰው መግባት ቀላል ነው፤ የሚማረው ጣት የእኔ ነው።»

«እውነትሽን ነው እትዬ» አለች ጣቲት።

ረቡዕ ጠዋት አዲሱ አለቃ ተመለሰ። አሁን ፈገግታ የለውም፤ ፊቱን አኮሳትሯል።

«አሮጌው አለቃ ጡረታ ወጥቷል» አለ። «ከእንግዲህ ዘበኛ አይላክለትም። ቫይረስ ይገባል፣ ሌባ ይገባል፣ የጻፉት ሁሉ ይዘረፋል። በኋላ ጉድ ሆንኩ እንዳይሉ! ልግባ?»

ማንጠግቦሽ ደነገጠች። ውሸት አይደለም፤ ሌሎችም ነግረዋታል። አሮጌውን አለቃ «እውነት ነው?» አለችው።

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ። «እውነት ነው ልጄ። ዘበኛ የለኝም። በሬን በራሴ ዱላ ነው የምጠብቀው።»

ማንጠግቦሽ አሰበች። በእጇ የአባባ ይመኑ ጉዳይ አለ። አባባ ይመኑ ከመስኖው ዳር ያለች አንዲት ቁራሽ መሬት ነበረቻቸው፤ ሰባት ነፍስ የሚበላው ከእሷ ነው። ጎረቤታቸው «የእኔ ናት» ብሎ ከሰሰ፣ የታችኛው ፍርድ ቤትም ለጎረቤት ፈረደ። የቀረው ይግባኝ ብቻ ነው። ይግባኙ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ድረስ መዝገብ ቤት ካልገባ ነገሩ አለቀ፤ መሬቷም ሄደች። ማንጠግቦሽ ስምንት ገጽ ጽፋለች፤ ወር ሙሉ አባባ ይመኑ ከገጠር እየተመላለሱ ያወሩትን፣ ድንበሩን፣ ዋርካውን፣ የምስክሮቹን ስም አንድ በአንድ። ሁሉም በአያ ሻኛ ሆድ ውስጥ ነው።

«ልክ ነህ» አለች ለአዲሱ አለቃ። «የአባባ ይመኑን ጉዳይ ልጨርስና። እሺ፣ በኋላ።»

«ሁለት ጊዜ እሺ አለችኝ» አለ አዲሱ አለቃ። «እንዲህ የምትወደኝ ከሆነ ምን ያዘገያታል?» አያችሁ፣ እሱም በጎ ልብ ነበረው። ችግሩ ጆሮው ላይ ነው።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ላይ አባባ ይመኑ ደረሱ፤ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ተጉዘው። ማንጠግቦሽ ስምንቱን ገጽ ከፍታ አየች፤ ሁሉ ደኅና ነው፤ የታችኛው ፍርድ ቤት የመዝገብ ቁጥር ብቻ ጎድሏል።

«አባባ፣ ከመዝገብ ቤት ቁጥሩን ጠይቀን እንምጣ። ከዚያ አትማለሁ፣ ይፈርማሉ፣ እናስገባለን። ጊዜ ሞልቶናል።»

ሁለቱም ወጡ። ሱቁ ባዶ ሆነ።

ያን ጊዜ አዲሱ አለቃ ለሦስተኛ ጊዜ ብቅ አለ። ሰው የለም። ዓይኑን ሲያንከራትት በጣሪያው ማገር ላይ የሱቋን አይጥ፣ አይጢትን አያት።

«አይጢት ሆይ!»

«አቤት ጌታዬ!»

«ጣቲት ላይ ያለችው፣ ‹እሺ› የምትለዋ ትልቅ ቁልፍ ላይ አንዴ ብቻ ዝለዪልኝ።»

«ብዘል ምን አገኛለሁ?»

«እኔ ከገባሁ አያ ሻኛ ሆዱ ይጠበዋል። ሲጠበው ሴትዮዋ አዲስ ማሽን ታመጣለች። አዲስ ማሽን ሲመጣ ካርቶን አለ፣ በካርቶኑ ውስጥ ስፖንጅ አለ። ካርቶኑም ስፖንጁም ላንቺ።»

አይጢት እርጉዝ ነበረች። «ልጆቼ ስፖንጅ ላይ ሊተኙ!» ብላ በማገሩ ላይ ዘለለች።

«ተይ አይጢት!» አለ አያ ሻኛ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!»

«ተይ እህቴ!» አለች ጣቲት። «የሰው ነገር ነው የያዝነው!»

ማን ሰምቷቸው! አይጢት ከማገሩ ወረደች፣ ከሽቦው ተንጠላጠለች፣ ጧ! ብላ ቁልፏ ላይ አረፈች።

አዲሱ አለቃ ገባ። አሮጌውን አለቃ ከወንበሩ አስነሳው።

«እትዬን ሳልሰናበታት?» አለ ሽማግሌው።

«ጊዜ የለም።»

ሽማግሌው ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል አነሳ። አዲሱ አለቃ ወደ ጥቅሉ አየና «ምንድን ነው እሱ?» አለ።

«የዚህ ቤት ፊደል ነው። በዚህ አገር የተጻፈው ሁሉ የተጻፈው…»

«እኔ የራሴ ፊደል አለኝ። አዲስ ነው፣ ጥርት ያለ ነው። ያንተን አሮጌ ይዘህልኝ ውጣ።»

«ልጄ፣ እዚህ ያሉት ወረቀቶች ግን በዚህኛው ካልሆነ አይነበ…»

«ጊዜ የለም አልኩህ!»

ሽማግሌው ጥቅሉን በጀርባው አዝሎ ወጣ። ሲወጣም በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ፤ እንደ ልማዱ።

ማንጠግቦሽና አባባ ይመኑ የመዝገቡን ቁጥር ይዘው ሲመለሱ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቆያቸው። መሐሉ ላይ «ሃያ በመቶ። አታጥፉኝ» ይላል። ማንጠግቦሽ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

«ልጄ፣ ምን ይላል?» አሉ አባባ ይመኑ።

«ጠብቁ ይላል አባባ።»

«ማንን?»

«እሱን።»

ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ሠላሳ አምስት በመቶ። አራት ሰዓት ሆነ፤ ስድሳ በመቶ። ሰባ ላይ ደርሶ ቆመ፣ ደግሞ ሄደ። ከጠዋት እስከ ረፋድ ሱቋ ውስጥ የተጻፈ አንድ መስመር የለም። አምስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ቦግ አለ፤ ተራራ ታየ፣ ሐይቅ ታየ።

«እንኳን ደስ አለዎት!» አለ አዲሱ አለቃ።

ማንጠግቦሽ በቀጥታ የአባባ ይመኑን ይግባኝ ከፈተች።

ስምንት ገጽ ካሬ! ፊደል የሚባል የለም። «አመልካች» የሚለው አምስት ካሬ ሆኗል። ዋርካው ካሬ ሆኗል። የምስክሮቹ ስም ካሬ፣ ካሬ፣ ካሬ።

አባባ ይመኑ ማንበብ አይችሉም፤ ፊት ማንበብ ግን ይችላሉ። የማንጠግቦሽን ፊት አዩና «ልጄ፣ መሬቴ ሄደች?» አሏት።

ማንጠግቦሽ እንባዋ መጣ። ግን እንባ ጊዜ ይፈጃል። ዋጠችውና ጣቶቿን ጣቲት ላይ አሳረፈች፤ እንደ አዲስ ልትጽፈው ነው። «መ» ስትል ሌላ ወጣ። «ለ» ስትል ሌላ ወጣ። ጣቶቿ የሚያውቁት መንገድ ሁሉ ተዘግቷል። ያቺ ዓይኗን ከባለጉዳዩ ፊት ሳትነቅል የምትጽፍ ሴት፣ አንገቷን ደፍታ በአንድ ጣት አንድ ፊደል ትለቅም ጀመር። በአሥር ደቂቃ ሁለት መስመር። በራሷ ቤት እንግዳ ሆነች፤ ይህን ሳስበው እኔን ራሴን ያመኛል።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ አዲሱ አለቃ ግራ ገብቶት። «ሁሉን አምጥቻለሁ። አንድ ወረቀት አልጣልኩም።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች ጣቲት በምሬት። «አንተ ግን የጣልከው የራስህን የብብት ዕቃ አይደለም፤ የእሷን ነው።»

ያኔ አያ ሻኛ ከሆዱ በሚወጣ ድምፅ ተናገረ። «ማንጠግቦሽ፣ አትደንግጪ። የጻፍሽው ሁሉ ሆዴ ውስጥ አለ። አንድ ቃል አልጠፋም። የጠፋው ማንበቢያው ነው፤ ሽማግሌው ይዞት ወጥቷል። አሮጌ አለቃ ያለበትን ቤት ፈልጊ፤ እዚያ ይነበባል።»

ማንጠግቦሽ ስምንቱን ገጽ ካሬ በፍላሽ ገለበጠችና ሮጠች። አባባ ይመኑ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተከተሏት።

የመጀመሪያው ቤት ደረሰች። «እሱ አዲሱ ከገባብን ወሩ» አለች ጸሐፊዋ። «የድሮው ወረቀታችን ሁሉ እስከ ዛሬ ካሬ ነው።»

ሁለተኛው ቤት ደረሰች። «ቆጣሪው ከተቃጠለ ሦስት ቀኑ» አለች ጸሐፊዋ። «ሻማ ላይ ምን ላትምልሽ?»

ሦስተኛው ቤት በር ላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ። ሦስተኛው የደብሪቱ ቤት ነው። ማንጠግቦሽና ደብሪቱ «ባለጉዳዬን ነጠቅሽኝ» ተባብለው ሲኮራረፉ አራት ዓመታቸው፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዷ ግራ አንዷ ቀኝ ትዞራለች። ደብሪቱ ባለጉዳይ ከፊቷ አስቀምጣ እየጻፈች ነው። ቀና ብላ መጀመሪያ ማንጠግቦሽን፣ ቀጥላ ፍላሹን፣ መጨረሻ ላይ በሩ ላይ የቆሙትን አባባ ይመኑን አየች።

«ያ አዲሱ ገባብሽ?» አለች።

«ገባብኝ።»

«እኔን ሰባት ጊዜ ጠይቆኛል። ሰባት ጊዜ እሺ፣ በኋላ ብዬዋለሁ። ቀነ ገደቡ መቼ ነው?»

«ዛሬ ስድስት ሰዓት።»

ደብሪቱ ባለጉዳይዋን «ጌታዬ፣ አንዴ ይታገሱኝ» አለችና ከወንበሯ ተነሳች። ጸሐፊ ወንበሯን ለባላንጣዋ ስትለቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማንጠግቦሽ ተቀመጠች። ፍላሹ ገባ። የደብሪቱ አሮጌ አለቃ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አዛጋ፣ ከመደርደሪያው አወጣ። ወረቀቱ ተዘረጋ። «አመልካች» ይላል! ድንበሩ አለ፣ ዋርካው አለ፣ ምስክሮቹ በየስማቸው ተሰልፈዋል።

«አነበበው?» አሉ አባባ ይመኑ።

«አነበበው አባባ!»

የጎደለው የመዝገብ ቁጥር ነው፤ ማንጠግቦሽ ጣቶቿን አሳረፈች፣ ጣቶቿም በደብሪቱ ኪቦርድ ላይ እንደ ቤታቸው ሄዱ። ለነገሩ በዚያ ሰፈር ያለች ጸሐፊ ሁሉ የተማረችው ያንኑ መንገድ ነው። ደብሪቱ ከፕሪንተሩ አፍ አንድ አንድ እያለች ተቀበለች፣ አሰናዳች፣ ሰፋች። አባባ ይመኑ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ። ሦስቱም መንገዱን አቋርጠው ሮጡ። የመዝገብ ቤቱ ማኅተም ሲያርፍ ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

አባባ ይመኑ የሁለቱንም ሴቶች እጅ ይዘው፣ «እነዚህ ጣቶች አይድከሙ፤ አይቆርጥማቸው» ብለው መረቁ። አሜን! እኔም አብሬ አሜን ብያለሁ።

ማንጠግቦሽ ወደ ሱቋ ስትመለስ አዲሱ አለቃ አንገቱን ደፍቶ ጠበቃት። አይጢት የለችም፤ ሐፍረቷን ይዛ ማገር ላይ ወጥታለች።

«እትዬ» አለ አዲሱ አለቃ፣ «እኔ ክፉ አይደለሁም። እፈጥናለሁ። ሌባ እጠብቃለሁ። የሠራሁት ሁሉ ለእናንተ ነው። ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን ይሸሸኛል? ደጋግሜ ስመጣ ለምን በኋላ፣ በኋላ ይለኛል?»

ማንጠግቦሽ ልትቆጣ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ሦስት ጊዜ መጣህ» አለችው። «ሰኞ ስለ መልክህ ነገርከኝ። ረቡዕ በፍርሃቴ ያዝከኝ። ዛሬ ሳትነግረኝ ገባህ። በሦስቱም ቀን አንድ ጊዜ እንኳ «እትዬ፣ ዛሬ ምን እየጻፉ ነው?» አላልከኝም።»

ሁሉን የሚያውቅ የሚመስለው ያ ፈጣን «እውነት ነው፣ አልጠየቅኩም» አለ።

ከዚያ ተነስቶ ወደ ደጅ ወጣ። አሮጌው አለቃ ከነጥቅሉ፣ ማንም ሳያየው፣ ከሱቁ ኋላ ተቀምጦ ነበር፤ የት ይሂድ? አዲሱ አለቃ ጥቅሉን ከሽማግሌው ጀርባ ተቀብሎ በራሱ ትከሻ አደረገው፣ እጁን ይዞም አስገባው። ከአያ ሻኛ ሆድ ጓዳ ለይቶ አስቀመጠው። ሽማግሌው ፊደሉን አንድ በአንድ ዘረጋለት፤ የማንጠግቦሽ ጣቶች የሚሄዱበትንም መንገድ አሳየው። አዲሱ አለቃ እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ ተማረ። ትዕቢቱን አውልቆ የተማረ ፈጣን ሰው ስታዩ፣ እሱንም አድንቁት፤ ቀላል ነገር አይደለም።

ጨርሶ ሲመለስ፣ ማንጠግቦሽ ፊት ቆሞ፣ «እትዬ፣ ዛሬ ምን እየጻፉ ነው?» አላት።

«የአንዲት እናት የቀለብ አቤቱታ» አለችው።

«እንግዲያው ይጻፉ፤ በሩን እኔ እጠብቃለሁ።»

ማንጠግቦሽ ጣቶቿን አሳረፈች። «መ» ስትል «መ» ወጣ።

ተረቴ ይህ ነው። ስለዚህ ሰው አዲስ ነገር ሲመልስ ስታዩ ፈሪ ነው አትበሉ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው፣ መልአኩ ሊተዋወቀው ስላልፈለገ ነው። የሰማ ለሚያንኳኳው ሁሉ ይንገርልኝ፦ ቤት ሊያድስ የመጣ፣ መዶሻውን ከማንሳቱ በፊት የቤቱን ሰው ውሎ ይጠይቅ።